የጎርፍ ስጋት ካርታ አዘጋጁ ተባልን፤ የማንን ልያዝ?

የዕድር ጸሐፊው (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ አስቀድሜ ይቅርታ።

የምኖረው ጎንደር ነው፣ ከቀሃ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊም ነኝ። ማን ባለቤት ማን ተከራይ እንደሆነ፣ ማን ስንት ልጅ እንዳለው የሚያሳየው መዝገብ እኔ ጋ ስለሆነ፣ "ክረምቱ ሳይገባ የጎርፍ ስጋት ያለባቸውን ቤቶች ለይታችሁ አቅርቡ" ሲባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። አብሮት ከሳተላይት የተነሳ የሰፈራችን ፎቶ በትልቅ ወረቀት ታትሞ መጣ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። የራሴን ቤት እስካገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለዚያውም የለየሁት በጎረቤቴ የውሃ ታንከር ነው።

መጀመሪያ ቤት ለቤት ዞርኩ። "ጎርፍ ያሰጋችኋል ወይ?" እላለሁ። "ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ጋ አይደርስም። ታች ያሉትን ጠይቅ።" ታች ስወርድ፣ "እኛማ ደህና ነን፣ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ናቸው እንጂ።" ከድልድዩ ወዲያ ስሻገር ወደመጣሁበት ጠቆሙኝ። ወንዙ ዳር ድረስ ሄጄ ጎርፍ የሚያሰጋው ሰው አጥቼ ተመለስኩ።

ስመለስ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ቡና አፍልተው ኖሮ ጠሩኝና ገባሁ። እሳቸውም ጠዋት "አያሰጋንም" ብለውኛል። ቁጭ ብዬ ሳይ የዱቄት በርሜላቸው መሬት አልነካም፤ ሦስት ብሎኬት ላይ ቆሟል። ከአልጋው እግሮች ሥርም ብሎኬት ገብቷል። "እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" አልኳቸው። "ክረምት እየመጣ አይደል እንዴ?" አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

ለካ እኔ "ጎርፍ" ስል እሳቸው የሚታያቸው ቀሃ ሞልቶ ግንድና ከብት እያንከባለለ ሲመጣ ነው። ከዲቹ ገንፍሎ በበራቸው ሥር የሚገባው በእሳቸው ቋንቋ ጎርፍ አይባልም። "ውሃ ገባ" ነው የሚባለው። ይገባል፣ በመጥረጊያ ይወጣል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ያልቃል።

በማግስቱ ጥያቄዬን ቀየርኩ። "ሰማዩ ሲያጉረመርም መጀመሪያ የምታነሱት ዕቃ ምንድን ነው? የትስ ታደርጉታላችሁ?" አልኩ። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ቤት የለም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገመድ። በርበሬ። የልጆች ደብተር። አንዷ ጋ ጫጩቶቹ በቅርጫት ሆነው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣሉ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ የስፌት መኪናውን ሞተር ፈቶ ይሰቅላል። አንድ ሽማግሌ "ራሴን ነው የማነሳው፤ ልጄ ጋ ፒያሳ እሄዳለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ሰው ሰብስቤ "እስቲ ሰፈሩን ሳሉልኝ" አልኩ። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ገልብጬ አነጠፍኩ፤ ለቤት ሽምብራ፣ ውሃ ለሚገባበት ባቄላ አደረግን። ችግሬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አባባ ዕድሩን ከመሠረቱት ከቀሩት አንዱ ናቸው። ከወንዙ አልጀመሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስተው ወደ አንዲት ሾላ ወረዱ። "ከሾላዋ በታች ቤት አይሠራም ነበር፤ ከብት ነው የሚውልበት" አሉ። ሾላዋን እኔ አላውቃትም፣ ከተቆረጠች ቆይታለች። በባቄላ ያጠሩት መሬት ዛሬ ክራይ ቤት የሞላበት ነው።

ሴቶቹ የጀመሩት ከቦኖው፣ ከወፍጮ ቤቱና ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከሚሄዱበት መንገድ ነው። ባቄላቸው ወንዙ አጠገብ የለም ማለት ይቻላል። ዲቹ በመንገዱ ሥር በቱቦ የሚያልፍበት ላይ ተከመረ፤ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ የሚደፍነው እሱን ስለሆነ። የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ ሞተር የሚያጠፋበትን ሁለት ቦታ ብቻ አስቀምጦ ተነሳ፣ ቤት የሚባል ነገር አልታየውም። ልጆቹ ኳሳቸው የሚጠፋባትን የአጥር ቀዳዳ ሳሉ። ምን አገባት ብዬ ልሰርዛት ስል "ውሃውም በሷ ነው የሚገባው" አሉኝ። ይህን ከአዋቂዎቹ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ተከራዮቹ ሽምብራውን ደርድረው ባቄላውን መለሱልኝ። አብዛኞቹ ከጥር ወዲህ የገቡ ናቸው። ክረምታችንን አያውቁትም።

እንግዲህ አምስት ካርታ አለኝ፣ አምስቱም አይገጥሙም። ቅጹ ግን አንድ መልስ ነው የሚፈልገው። የማንን ልያዝ? የሽማግሌውን? የሳተላይቱን? እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ውሃ መሐንዲስ

ሰላም ጸሐፊው። እንጀራዬ ስለሆነ ልግባበት።

ከሳተላይቱ ልጀምር። ፎቶው ቤት ያሳይሃል እንጂ ውሃ የት እንደሚሄድ አይነግርህም። ለዚያ የመሬቱ ከፍታ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በነጻ አውርደን የምንሠራበት የከፍታ መረጃ በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከመንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው ነው፤ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። በእናንተ ሰፈር 30 ሜትር ማለት መንገዱም፣ ዲቹም፣ አራት አምስት ቤትም በአንድ ቁጥር ተጠቃለሉ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን አጥርና ኮብልስቶን ጨርሶ አያውቀውም። ለደምቢያ ሜዳ ይበቃል። ለእናንተ መንደር ግን የልጆቹን ቀዳዳ አምናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ሁለተኛ፣ "ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ" ብለህ ሰው አትጠይቅ። በሰውነቱ ይለካልህ፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ቀጥለህ ስንት ሰዓት ቆየ? በየትኛው በር ገባ? እየፈሰሰ ነው ወይስ ተኝቶ? ይሄ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልህ። ጉልበት የደረሰ የቆመ ውሃ ዕቃ ያበላሻል፣ ጉልበት የደረሰ የሚሮጥ ውሃ ግን ጎልማሳ ይጥላል። ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ከደፉ ጀምረህ በሜትር ለካው፤ ግድግዳ አያጋንንም።

አባባን እሰማቸዋለሁ፣ ግን እንደ ወንጌል አልይዛቸውም። ሰው የሚያስታውሰው ነፍስ ያጠፋውን ወይም ለራሱ ቅርብ የነበረውን ጎርፍ ነው፤ ሌላው ይጠፋበታል። ተቃራኒውም አለ። ጊልበርት ኋይት የተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ሊቅ በእነርሱ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ያስተዋለው ነገር አለ፦ ወንዝ ዳር መከላከያ ግንብ ሲሠራ ትንንሾቹ ጎርፎች ይቀራሉ፣ እነርሱ ሲቀሩ ሰው ይረሳል፣ ሲረሳ ወደ ወንዙ ይጠጋል። ትልቁ ሲመጣ የሚያገኘው ከበፊቱ የበዛ ቤት ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ ግንብ ካለ መቼ እንደተሠራ ጠይቅ፣ ከግንቡ በፊት የነበረውን የሚያውቅ ሰውም ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር። "የመቶ ዓመት ጎርፍ አምና መጥቶ ሄዷል፣ እንግዲህ ለልጅ ልጆቻችን ነው" የሚል ሰው ያጋጥምሃል። ቃሉ ጥፋተኛ ነው፣ እኛው ባለሙያዎቹ ነን ያመጣነው። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፤ አምና ቢመጣ ዘንድሮም ያው ከመቶ አንድ ነው። 30 ዓመት በሚኖሩበት ቤት ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ ከመቶ ወደ 26 ይሆናል። በዳማ ጠጠር እያስረዳሁ ራሱ የማይቀበሉኝ አሉ።

ድሬዳዋን አስታውሱ። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ሆኖ የሚውል፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ነው። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 ሰው በላይ ጨረሰ።

የፎገራ ልጅ

እኔ የተወለድኩት ፎገራ ነው፣ አሁን ጎንደር ነው የምሠራው። ጸሐፊው እትዬን "ጎርፍ" እና "ውሃ ገባ" ሲለዩ አይቼ ሳቅሁ፣ እኛ ጋ ሌላ ሦስተኛ አለና፤ ሙላት እንላለን። ጎንደር ከላይ የሚወርድባችሁ ደራሽ ነው፣ በአንድ ሰዓት መጥቶ በአንድ ሰዓት ያልፋል። ሙላት ግን ቀስ ብሎ ከታች ይመጣል። ርብና ጉማራ ይገነፍላሉ፣ ጣናም በመስከረም አካባቢ ከፍ ብሎ ውሃቸውን አልቀበልም ይላል፣ መሐል ሜዳው ላይ ይተኛል። ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያም ይበልጣል።

እና የእኛ ሰው ካርታ ከእናንተ በጣም ይለያል። ሙላት ክፉ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ሲሸሽ "ባሕር ሸሽ" የምንለው መሬት ይወጣል፣ በርጥበቱ ይዘራበታል። ሩዝ ከመጣ ወዲህማ ውሃ የሚተኛበት መሬት ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ዱሮ ችላ የሚባለው ረግረግ ዛሬ ወንድማማች የሚካሰስበት ነው። አባቴን "ይሄ መሬት ስጋት አለበት?" ብትለው ምን እንደሚል አላውቅም። "ለቤት ወይስ ለሩዝ?" ብሎ ይመልስልሃል። በ1998 ክረምት ግን ለቤትም ለሩዝም አልሆነም፤ ከፎገራና ከደምቢያ ስንት ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ሌላ ነገር ላንሳ። ቀሃና አንገረብ ከከተማችሁ በታች ተገናኝተው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደምቢያን አልፎ ጣና። ጎንደር ከጣና ወደ 300 ሜትር ከፍ ትላለች። እናንተ በመጥረጊያ ያወጣችሁት ውሃ እነሱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው፤ ፌስታላችሁም አብሮ። ደምቢያ ቆላ ድባ በኩል አክስት አለችኝ። ጎንደር ላይ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል እደውልላታለሁ፤ ከብቱን ከመገጭ ዳር ታሸሻለች። ካርታ የላትም፣ ስልክ አላት። የእሷ ካርታ የሚለካው በሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ "ከደወልክልኝ እስከ ንጋት ጊዜ አለኝ" ትላለች።

ተከራይ ነኝ

"ተከራዮቹ ባቄላውን መለሱልኝ" የሚለው እኔን ነው።

ካቻምና በጥር ነው የተከራየሁት። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ደስ ብሎኝ የስድስት ወር ከፈልኩ። በሐምሌ አንድ ሌሊት እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ረገጥኩ። ጠዋት አከራዬን ስጠይቃቸው "አይ፣ ይሄማ በየዓመቱ ነው" አሉኝ፣ እንደ ደህና ነገር። የነገረኝ የለም። ጎረቤትም አይነግርም፤ የሰው ቤት ኪራይ ማበላሸት ነውር ነው።

አሁን ቤት ሳይ የማየውን ልንገራችሁ። ደፉ ከውጭው መሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? ቀለሙ ከታች በኩል ብቻ በቅርብ የተቀባ ነው? ሶኬቶቹ ከፍ ብለው ተተክለዋል? በግቢው ያሉት ነባር ሰዎች ዕቃቸውን ምን ላይ አስቀምጠዋል? የእትዬን ብሎኬት ያኔ ባየሁ ኖሮ ገንዘቤን ይዤ እመለስ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ እኔን የወሰደኝ በቀለም ነው።

ጸሐፊው፣ ተከራይን በነሐሴ ጠይቀን። በግንቦት ምን እናውቃለን?

አዘዞ

በአጭሩ። እኛ ጋ አፈሩ ዋልካ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የተሰነጠቀ ስለሆነ ዝናቡን በስንጥቁ ይጠጣል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አብጦ ይገጥምና እንደ ሊሾ ይሆናል። ያው ዝናብ በሰኔ ምንም፣ በነሐሴ ሸክላ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው። ስለዚህ "የት" ብቻ ሳይሆን "መቼ" የሚለውንም መዝግብ።

ደግሞ ተጠንቀቅ። "ከፍተኛ" ብለህ የጻፍከው ቤት ነገ "ተነሱ" ይባላል። ይሄን ስለሚያውቅ ነው ሰው የሚዋሽህ። ሌላው ደግሞ እርዳታ ይመጣል ብሎ ያልገባውን ገባ ይልሃል። እኔ ብሆን አልጽፍም ነበር።

የዕድር ጸሐፊው (ጎንደር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንደገና ተሰብስበን ነበርና የሆነውን ልንገራችሁ።

መሐንዲሱ እንዳሉት ሜትር ይዤ ግድግዳ ለካሁ። እትዬ ቤት የጭቃው መስመር ከደፉ 34 ሳንቲሜትር ነው፤ "ቁርጭምጭሚት" ብለውኝ ነበር። ልብስ ሰፊው "ወገብ" ያለኝ ደግሞ ከጉልበት በታች ሆነ። ልጁን አቅፎ የወጣበት ሌሊት ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ያሉትንም የተለካውንም።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። የአባባ ሾላ የት እንደነበረች ስላከራከረን ተነስተን ሄድን። አባባ በከዘራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እየቆጠሩ መጡ መጡና ቆሙ። "እዚህ ነበረች" አሉ። ከዘራው የቆመው የእኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ሱቄ ከሾላዋ በታች ናት፣ ከብት የሚውልበት ላይ። በመዝገቤ ግን የራሴን ሱቅ መጀመሪያውኑ "ዝቅተኛ" ብዬ ጽፌያት ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሱቄ ውስጥ ስኳሩና ማካሮኒው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ታች ያለው ሳሙናና የለስላሳ ሳጥን ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ጠይቄ አላውቅም፣ ሱቁን የሸጠልኝ ሰውም እንዲሁ ነበር የሚደረድረው።

ወደ አሮጌው ጎንደር ቀና ብዬ ሳይም ያው ይመስለኛል። ነገሥታቱ ግንባቸውን የሠሩት በቀሃና በአንገረብ መሐል፣ ጀርባው ላይ ነው። ታች ታቹ ለሌላው ቀረ። አባባ ይሄን ስነግራቸው "ውሃ ቁልቁል ድሃም ቁልቁል" ብለው ዝም አሉ።

አዘዞ፣ ያልከው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እንዲህ አደረግን፦ ለቅጹ የምንሰጠው ላይ የቤት ስም አይወጣም፤ የተደፈነው ቱቦ፣ ቀዳዳው፣ ባጃጅ የማያልፍበት መንገድ ነው የሚወጣው። መጠረግና መስፋት ያለበት እሱ ነዋ። የቤቶቹ ዝርዝር በዕድሩ ሣጥን ይቆያል፤ ሌሊት ጥሩምባ ቢነፋ ማን ጋ መጀመሪያ እንደሚኬድ ለማወቅ። አልጋ የያዙ ሽማግሌ ያሉበት፣ ሕፃን ያለበት፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት። የበሩን ነገር ያነሳችው አንዲት ልጅ ናት፤ ውሃ ከውጭ ሲገፋው በሩ ራሱ ይበረገዳል አለች። የእኛ በር እንዴት እንደሚከፈት ለማየት ወደ ቤት ሄድኩ።

ሾላዋንም ካርታው ላይ ሳልናት። ሳተላይቱ ላይ የለችም፣ ግን ሁሉም ሰው አሁን ከእሷ ነው የሚቆጥረው።

የቀረኝ የሰሜኑ ጥግ ነው፣ ዲቹ ወደ ሰፈራችን የሚገባበት፤ ከላይ ያለው ሰፈር ክልል ስለሆነ የእኛ ዕድር ሰው አያውቀውም። ከዚያ በኩል የምትኖሩ ካላችሁ፣ አምና በነሐሴ ውሃው መንገዱን የዘለለው ከጋራዡ በላይ ነው ወይስ በታች? በዚሁ ጻፉልኝ።